«ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው» ለሚሉ የቀድሞ ወታደሮች ምን ሥራ ልስጣቸው?

ጥያቄ፦ ኦኩፔሽናል ቴራፒ (ታካሚው የዕለት ተዕለት ሥራውን በራሱ እንዲሠራ የሚረዳ ሕክምና) ተምሬ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ቁስለኛና ጡረተኛ የሠራዊት አባላት በሚታከሙበት ሆስፒታል ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም። ያለኝ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ከነዘንጎቹ፣ ጥቂት ኳስና በእጅ የሚጨመቅ ላስቲክ ነው። አንድ ሻምበል ሰሌዳውን አይተው «ልጄ፣ ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው» ብለው ወጡ፤ አልተመለሱም። አንዳንድ ሐኪሞች «ያው ማሳጅ አይደል የምትሠሪው?» ይሉኛል። ቤተሰብ ደግሞ እያጎረሰ፣ እያለበሰ ታካሚውን ምንም አያስነካውም። ዕቃ እስኪገዛልኝ ልጠብቅ ወይስ ባለኝ ልጀምር? ብጀምርስ ከምን?
ወ. ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሻምበሉ ትክክል ናቸው። ዘንግን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ማዛወር ጣት ያሠራል፤ ቤታቸው ሲገቡ የሚጠብቃቸው ግን ዘንግ ሳይሆን የሸሚዝ ቁልፍ፣ የመጸዳጃ ውኃ፣ የቡና ሲኒና የተቀደደ መረብ ነው። የተማርሽው ሙያም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ ዕቃ አትጠብቂ፤ ሕክምናውን ከሰውየው ውሎ ውስጥ አውጪው።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለጥያቄ ስጪው። «ምን ይሰማዎታል?» ብለሽ ከጀመርሽ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አይመልሱልሽም። «ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሱ እስከ ምሳ ያደረጉትን በተርታ ይንገሩኝ» በያቸው። በእያንዳንዱ ላይ «ይህን ማን ሠራው?» ብለሽ ጠይቂ። ፊታቸውን ማን አጠበ? ጫማቸውን ማን አሰረ? ከዚያ «በራሴ ካላደረግኩት አልረካም» የሚሉትን ከአምስት ያልበለጠ ነገር አስመርጫቸው። ለእያንዳንዱ ከ10 ሁለት ነጥብ ይስጡ፤ አንዱ አሁን ምን ያህል እንደሚችሉት፣ ሁለተኛው በአቻቻላቸው ምን ያህል እንደረኩ። ይህ የካናዳ የሙያው ሰዎች የቀረጹት መለኪያ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያንኑ ስትጠይቂ ነጥቡ በ2 ወይም ከዚያ በላይ ካደገ፣ ለውጡ ለታካሚው ትርጉም ያለው ነው ተብሎ ይያዛል። ካርዱ ላይ የምትጽፊውም ለሐኪሞቹ የምታሳዪውም ያንን ቁጥር ነው።

ለሐኪሞቹ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ፊዚዮቴራፒስቱ ጉልበቱ እንዲታጠፍ ይሠራል፤ አንቺ በታጠፈው ጉልበት ሰውየው መጸዳጃ ቤት ገብቶ እንዲወጣ ትሠሪያለሽ። ሙያው ራሱ ከቁስለኛ ወታደር ጋር ያደገ ነው። አሜሪካ ውስጥ የባለሙያዎቹ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ በዚያው ሰሞን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉትን ወደ ሥራ ለመመለስ የሠለጠኑ ሴቶች ወደ ወታደራዊ ሆስፒታሎች ተልከዋል።

አጠራር ላይም ተጠንቀቂ። በማዕረጋቸው ጥሪያቸው፣ «እርስዎ» በያቸው፤ በዕድሜ የሚያንስሽ አሥር አለቃም ቢሆን «አንተ» የሚባለው እሱ ሲፈቅድ ነው። ስለ ጦርነቱ አንቺ አትጠይቂ። አንድ ክፍል ውስጥ በተለያየ ዘመንና በተለያየ ግንባር የተዋጉ ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተው ይሆናል፤ ማውራት የፈለገ ራሱ ያነሳዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ የማይወራውን፣ ታካሚውን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሸማቅቀውን አስቀድሚ፦ ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ከገበታ እንዴት ይበላል? ግራ እጅ ለመጸዳጃ ነው ተብሎ ያደገ ሰው ያንኑ እጅ ከሰው ጋር ወደ መሶብ መዘርጋት ይከብደዋል። «ጠግቤያለሁ» ይላል፣ ወይም ሚስቱ እንድታጎርሰው ይጠብቃል፣ ሲቆይም ሠርግና ተዝካር መሄድ ይተዋል። ሲከሳ ምግብ እምቢ አለው ይባላል፤ እምቢ ያለው ግን እጁ ነው።

መጀመሪያ መጸዳጃውን ፍቺ። አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው ውኃ እያፈሰሰ መታጠብ አይችልም፤ ውኃውን የያዘው ያው የሚታጠብበት እጅ ነው። መፍትሔው ቧንቧ ያለው ጀሪካን ግድግዳ ላይ መስቀልና ውኃው በራሱ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር እጀታ ያለው ስፖንጅ ሲጨመርበት እጁ ቆሻሻውን በቀጥታ አይነካም። ቀጥሎ የእጅ መታጠቢያው ነው። የጥፍር ብሩሽ ጠጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ጀርባው በሁለት ብሎን ከእንጨት ጋር ይታሰር፤ እንጨቱ ከመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ይጥበቅ። ሳሙናውን ብሩሹ ላይ ይፈትጋል፣ ከዚያ መዳፉን፣ የእጁን ጀርባና ጥፍሮቹን ብሩሹ ላይ ያሻል።

ከዚያ እንጀራው። ያልለመደ ግራ እጅ ሲቆርስ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ይስባሉ፣ የቀሩት ጣቶች ግን እንጀራውን መጫን አያውቁበትም፤ ስለዚህ ሙሉው እንጀራ አብሮ ይነሳና ወጡ ይደፋል። ለመጀመሪያው ሳምንት እንጀራው ተጠቅልሎ በ4 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየተቆረጠ ይቅረብ፤ ወጡም ወፈር ያለ ሽሮ ወይም ክክ ይሁን። ይህ ሲቀልለት እንጀራው ተዘርግቶ ይቅረብ፤ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ወደ ታች ሲጫኑ ሦስቱ ጣቶች ወደ ራስ ይሳቡ። ቀጭን አልጫና አጥንት ያለው ሥጋ መጨረሻ ይመጣሉ። ልምምዱ መጀመሪያ ለብቻው፣ ከዚያ ከሚስቱ ጋር፣ ከዚያ ከዘመድ ጋር ይሁን። ካልጠየቀ በቀር «ለብቻው ሳህን ይቅረብለት» አትበይ፤ ከገበታ እንደመለየት ነው የሚቆጥረው። ይልቅ ሁሉም እያየ በሳሙና ታጥቦ ይቅረብ። የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩን ማማከር ከፈለገም መንገዱን አመቻቺለት፤ ከእነሱ የምትመጣ አንዲት ቃል ካንቺ የአንድ ሳምንት ማብራሪያ ትበልጣለች።

በአንድ እጅ ለሚያበስል፣ ዳቦ ለሚቆርጥ ወይም ሽንኩርት ለሚከትፍ አናጺ ሊሠራው የሚችል መክተፊያ አለ። 30 በ25 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ የዋንዛ ጣውላ ይበቃል። ከሥር ወደ ላይ ሁለት የማይዝጉ ምስማሮች በ2.5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይለፉና 3 ሴንቲ ሜትር ብቅ ይበሉ፤ ሽንኩርቱ፣ ድንቹና ሥጋው እነሱ ላይ ተሰክቶ ይያዛል። ምስማሩ ከመመታቱ በፊት ጣውላው በመሰርሰሪያ ካልተበሳ ይሰነጠቃል። ተራ ምስማር ከሆነ ደግሞ ወዲያው ዝጎ ምግቡን ያበላሻል። አንዱ ማዕዘን ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ በሁለት ወገን ይመታበት፤ ዳቦ እዚያ ተደግፎ ይቀባል። ግራ እጅ ብቻ ላለው ሰው ማዕዘኑ በላይኛው ቀኝ በኩል ይሁን፣ ቢላው የሚገፋው ወደዚያ ነውና። በአራቱ ጥግ ሥር የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ይለጠፍ። ይህ ከሌለ መክተፊያው ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተታል፤ ሰውየውም ሊይዘው ሲል በቀረው ክንዱ ይደገፍና ይቆረጣል። ብስክሌት በሞላበት ከተማ አሮጌ ከመነዳሪ ከማንኛውም ጠጋኝ ታገኛለሽ። ድንች ወይም ቡሽ በምስማሮቹ ጫፍ ላይ ሳይሰካ አይቀመጥ፣ በተለይ ልጅ ካለ።

ልብስ ላይ ደንቡ አጭር ነው፤ ሲለብስ የተጎዳው እጅ ይቅደም፣ ሲያወልቅ መጨረሻ ይውጣ። ቤተሰብንም የምትይዢው በዚህ ነው። «አትርዱት» ካልሻቸው ይከፋቸዋል፤ ለእነሱ ማልበስና ማጉረስ ፍቅር ነውና። ስለዚህ እርዳታውን አትከልክዪ፣ ቦታውን አዛውሪው። ሸሚዙን እናቱ ታልብሰው፣ የመጨረሻዋን ቁልፍ ግን እሱ ይዝጋ። ያ ሲቀና የመጨረሻዎቹን ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁልጊዜ ሥራውን የሚጨርሰው እሱ ስለሆነ በየቀኑ «ጨረስኩት» ብሎ ይነሳል። ከመጀመሪያው ካስጀመርሽው ግን ሁልጊዜ መሃል ላይ ደክሞት እናቱ ትጨርስለታለች። ጉርሻ ደግሞ አታስቀሪ፤ አንድ ጉርሻ ወግ ነው፣ ምሳውን ሙሉ ማጉረስ ነው እጁን የሚያሰንፈው።

እግራቸው የተቆረጠ ታካሚዎችሽ ላይ ሰው ሠራሹ እግር ከመምጣቱ በፊት ያለው ጊዜ ብዙውን ይወስናል። የላስቲክ ፋሻው ከጉልበት በታች ለተቆረጠ 10፣ ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ጥምጠማው እንደ ስምንት ቁጥር በሰያፍ እየተሻገረ፣ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያለ ይሂድ። ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከታሰረ ደም ወደ ላይ እንዳይመለስ ያንቃል፤ ጫፉ ያብጥና በኋላ ሶኬት (የሰው ሠራሹ እግር ማስገቢያ) ውስጥ አይገባም። በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ተፈትቶ ቆዳው ታይቶ እንደገና ይታሰር። የሚወጋ ወይም የሚደልቅ ሕመም ከመጣ ወዲያው ይፈታ። ከጉልበት ሥር ትራስ ማስቀመጥ እረፍት ይመስላል፤ ሲውል ሲያድር ግን ጉልበቱ ታጥፎ ይቀራል። በምትኩ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ በሆዱ ይተኛ።

ቆዳው ንክኪ የማይችል ከሆነ በጥጥ ጀምሪ፤ ወደ ነጠላ፣ ወደ ጋቢ፣ ወደ ፎጣ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ጆንያ ሂጂ። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ እጁ የራሱ ይሁን፣ ያንቺ አይሁን። ቁስል ያልተዘጋበት ቦታ ላይ አይደረግም። የሌለው እግር ለሚያመው ደግሞ መስታወት አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው ዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት፣ በቀን 15 ደቂቃ ለ4 ሳምንት ጤናማ እግራቸውን በመስታወት እያዩ ያንቀሳቀሱት ሕመማቸው እንደቀነሰ አሳይቷል፤ መስታወቱ ተሸፍኖ ያደረጉት አብዛኞቹ ግን አልቀነሰላቸውም። ለሁሉም አይሠራም፣ ዋጋው ግን የአንድ ቁም መስታወት ነው። መስታወቱን በሁለቱ እግሮች መካከል አቁሚው፤ የተቆረጠው ከጀርባው ይሸፈን፣ ጤናማው ቀስ ብሎ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅስ። በመጀመሪያው ቀን የሚያለቅስ ወይም የሚያዞረው አለ። ያን ቀን አቁሚ፤ በማግስቱ በ5 ደቂቃ ጀምሪ።

ሰው ሠራሽ እግሩ ሲመጣ አንድ ነገር ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ በፊት ይታሰብበት። እግሩ የሚስተካከለው ታካሚው በሚያደርገው ጫማ ተረከዝ ልክ ነው። ደጀ ሰላም ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ተረከዙ ይወርዳል፤ መላው እግር ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ጉልበቱም ወደ ኋላ ይገፋል። ሰውየው «እግሩ ተበላሸ» ይላል፣ ወይም ቅዳሴ መሃል ይወድቃል። ከጫማው ተረከዝ ልክ የሆነ ቁራጭ ጎማ ወይም ቡሽ ወፍራም ካልሲ ውስጥ ተረከዙ ሥር ይግባ። ይህን እግሩን ከሠራው ባለሙያ ጋር ሆነሽ ልኩን ውሰጂ፤ አንቺ ክፍል ውስጥም ሰውየው ጫማውን አውልቆ በአንድ እጁ መቋሚያ ይዞ ይቁም።

ከሐይቁ ዳር የሚመጡትን በሐይቁ ሥራ አሠሪያቸው። የተቀደደ መረብ መጠገን አንዱ እጅ የሚወጥርበት፣ ሌላው የሚቋጥርበት፣ ዓይን የሚከተለው ሥራ ነው፤ ካንቺ ሰሌዳ የሚበልጥ ልምምድ ነው። መረቡን ከግድግዳ ሚስማር ላይ ስቀዪው፣ ከሥሩ ክብደት አንጠልጥይለት፤ አንድ እጅ ያለው ሰው ያኔ መወጠሪያ እጅ አያስፈልገውም። መጨበጥ ለሚያቅተው የመረብ መስፊያውን በከመነዳሪ ጠቅልለሽ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር አወፍሪው። በወፍራም ገመድ ጀምሪ፣ 10 ደቂቃ ይበቃል። ስስ የናይለን ክር ጣቱ ለማይሰማው ሰው አደገኛ ነው፤ ሲቆርጠው ደሙን ሳያይ አያውቅም። ታንኳ የሚሠሩ ከሆኑ ደንገል መጠቅለልና ማሰር ለክንድና ለመዳፍ ጥሩ ጭነት ነው። ታንኳ ላይ ለሚወጡ ግን ክራንች ጭቃ ውስጥ ስለሚሰምጥ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ከጫፉ ሥር ይሁን፤ ወይም ዳር ላይ ተቀምጠው እየተንሸራተቱ ይግቡ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ያድርጉ። የተቆረጠውን እግር በሐይቁ ውኃ ማጠብ ግን ይቅር፤ ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ የረጠበ ቆዳም ሶኬት ውስጥ ይቆስላል።

በጥይት ወይም በፍንጣሪ የእጅ ነርቭ የተጎዳበትን ሰው በትዕግሥትና በመቁጠር ትይዢዋለሽ። ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጉዳቱ ከላይኛው ክንድ አጋማሽ ሆኖ የሚጠበቀው ጡንቻ 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ ወደ 4 ወር ይፈጃል ማለት ነው። ይህን ንገሪው፣ ካርዱ ላይም ቀኑን ጻፊ፤ «መቼ ነው የሚድነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው ልምምዱን ይተዋል። በ3 ወር ምንም ምልክት ካላየሽ ወደ ቀዶ ሕክምና ይሂድ። ነርቭ ሳይደርሰው ዓመት ተኩል ያለፈው ጡንቻ ከዚያ በኋላ ነርቩ ቢመጣም አይመለስም። አንጓው ለተንጠለጠለበት እጅ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ላይ የሚይዝ ስፕሊንት (መደገፊያ) ሥሪ። ሙቅ ውኃ የሚያለሰልሰው ፕላስቲክ ከሌለሽ ከ8 እስከ 10 ድርብ ጀሶ ይበቃል፤ ጀሶ ሲደርቅ ይሞቃልና በቀዝቃዛ ውኃ ንከሪው፣ ያልተሰማው ቆዳ እንዳይቃጠል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አውልቀሽ እዪ። ቀይ ምልክቱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ እዚያ ቦታ ላይ ይጫናል፣ አስተካክዪው።

የማይሰማው እጅ ሲሠራ ዓይን ይተካዋል። ጀበና፣ ምጣድ፣ የሲጃራ ጫፍ ከሁሉ በላይ ያቃጥላሉ። ሙቀቱ በደህናው እጅ ይፈተሽ፣ ጀበናው በወፍራም ጨርቅ ይያዝ፣ ማታ ማታ ጣቶቹ በብርሃን ይታዩ። አከርካሪያቸው ተጎድቶ ዊልቸር ላይ ላሉትም ያው ነው፤ ትኩስ ጀበና ወይም ሳህን ጭን ላይ አይቀመጥ። መቀመጫቸው እንዳይቆስል በየግማሽ ሰዓቱ ለ2 ደቂቃ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ያዘንብሉ። ብድግ ብሎ መቀመጥ ለደሙ በቂ ጊዜ አይሰጠውም። አከርካሪው ከደረት አጋማሽ ወደ ላይ የተጎዳ ሰው ድንገት ራሱን ወግቶት ፊቱን ካላበው ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪው፣ የሽንት ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ እዪና ሐኪም ጥሪ፤ ደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ እየወጣ ይሆናል።

የሚደነግጡትንም አትርሺ። ወንበሩ በሩን የሚያዩበት ይሁን። ከኋላ አትንኪያቸው፤ ተኝተው ከሆነ ከእግራቸው በኩል ቆመሽ በስማቸው ጥሪ። ለመስቀልና ለአዲስ ዓመት ርችት ሲቃረብ ቀኑን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ማን አብሯቸው እንደሚያመሽም ተነጋገሩ። ሌሊት የማይተኛ፣ ዕቃውን ማከፋፈል የጀመረ፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚል ሰው ስታገኚ በቀጥታ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብለሽ ጠይቂ። ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርም። «አዎ» ካለሽ ለብቻው ሳትተዪው በዚያው ቀን ለአእምሮ ሐኪም አድርሺው። ቤት ውስጥ መሣሪያ እንዳለም ጠይቂ፤ ካለ የሚያምነው ዘመድ ወይም የሀገር ሽማግሌ ይያዝለት፣ ጥይቱም ለብቻው ከሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ወጥተው ያልተመለሱትን ሻምበል ለመመለስ ደግሞ፣ ሰሌዳውን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቢውና አልጋቸው ድረስ ሂጂ። የትናንቱን ጠዋት ጠይቂያቸው። ምናልባት የሚነግሩሽ ጢማቸውን ሌላ ሰው እንደላጫቸው ይሆናል። በማግስቱ መላጫውን፣ መስታወቱንና በከመነዳሪ የወፈረ እጀታ ይዘሽ ከቁርስ በፊት ድረሺ፣ ሰዓታቸው ያ ነውና። ለገበያ ገንዘብ ከተገኘልሽ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ የላስቲክ ፋሻ በሁለቱም ስፋት፣ ቁም መስታወት፣ የጥፍር ብሩሽ፣ ጀሶ፣ የመክተፊያው ጣውላ። ሰሌዳሽን ደግሞ አናጺው ካየው ለመክተፊያ ይሆናል።